ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት

ድሬዳዋ ውስጥ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ክሊኒክ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት አዳራሹን ሞልታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ተማሪዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። ርዕሱ ሲነበብ አንገታቸውን የደፉ አይቻለሁ፤ አንገት መድፋት ነውር የለውም፣ ጆሯችሁን ብቻ አትንፈጉኝ።

በአንድ ስሌት ልጀምር። አርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ኮንዶም ተቀደደ እንበል። ወይም ከዚያ የከፋው ደረሰ፤ አንዲት ተማሪ ያልፈቀደችው ነገር በጉልበት ተፈጸመባት። የተማሪዎች ክሊኒኩ ለቅዳሜና እሑድ ተዘግቷል፤ ክፍት ቢሆንም ተረኛው ቁስል ከማሰርና የራስ ምታት ክኒን ከመስጠት ያለፈ ኃላፊነት አልተሰጠውም። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ስትቆም 59 ሰዓት አልፏል። ለኤች.አይ.ቪ. የተጋለጠ ሰው የመከላከያ መድኃኒቱን መጀመር ያለበት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የቀራት 13 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ ካርድ ማውጣት አለ፣ ወረፋ አለ፣ ለማታውቀው ሰው ገመናን መግለጥ አለ፣ ምናልባትም «ይህ እኛ ጋ አይሰጥም፣ ሆስፒታል ሂጂ» መባል አለ። መድኃኒቱም ቢሆን 72 ሰዓት እስኪሞላ ይጠበቅ የሚባል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጀመረ ሰው የተሻለ ጥበቃ ያገኛል።

ድሬዳዋ መድኃኒት አጥታ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ግን ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፣ ሳቢያን ሆስፒታል አለ፣ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም በዚህች ከተማ ወጣቶችን ሲያገለግል የኖረ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና መከላከያ በነፃ ይሰጣል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራና ሕክምናም በነፃ ነው። ተማሪው የሚያጣው ሌላ ነገር ነው። ሳይታይ ገብቶ የሚጠይቅበት፣ በሚያስፈልገው ሰዓትም የሚከፈት በር የለውም። ምስጢር መጠበቅንና ሰዓት ማክበርን ብዙዎች ከሕክምናው በኋላ እንደሚመጣ መልካም ጠባይ ያዩታል። እኔ ግን የሕክምናው ዋና ክፍል ናቸው እላለሁ፤ ዛሬ የመጣሁትም ይህን ለማስረዳት ነው።

ካልተጠበቀ ግንኙነት በኋላ እርግዝናን ለመከላከል የሚወሰደውን፣ ሁላችሁም ፖስት ፒል እያላችሁ የምትጠሩትን ክኒን እንውሰድ። ውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፤ መጠኑ በጠቅላላው 1.5 ሚሊ ግራም። ዋና ሥራው ለመውጣት የተቃረበውን እንቁላል ማዘግየት ነው። እንቁላሉ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ብዙም አይረዳም፤ የተጀመረ እርግዝናንም አያቋርጥም። ሰዓት የምንቆጥረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን የወሰደችው በሦስተኛው ቀን ከወሰደችው ይልቅ የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጥቂት ጥቅም ቢኖረውም እየቀነሰ ይሄዳል። በዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ደግማ መውሰድ አለባት። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አንዳንዶቹ የክኒኑን አቅም ስለሚያዳክሙ ይህንን ለባለሙያ ትናገር። የወር አበባዋ ከጠበቀችው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።

ክኒኑ መካን አያደርግም። ይህን ጥያቄ በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው አስቀድማ ከወሰደችው በኋላ፣ እየተጨነቀች ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ የሚወሰድም አይደለም። ደጋግማ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ይዛባል፣ ከመደበኛ መከላከያም ያነሰ ጥበቃ ነው የምታገኘው። በአምስት ቀን ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች በማህፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ከክኒኑም የበለጠ አስተማማኝ ድንገተኛ መከላከያ እንደሆነ ግን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ለዓመታትም ያገለግላታል።

እስቲ ይህን ክኒን የምትገዛውን ተማሪ ቀረብ ብለን እንያት። ከሳቢያን አካባቢ ተነሥታ ባጃጅ ትይዛለች። ሰፈሯ ካለው መድኃኒት ቤት አትገዛም፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ትሄዳለች። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ፤ ውጭ ቆማ እስኪወጡ ትጠብቃለች። ትገባለች፣ አንድ እናት ተከትለዋት ይገባሉ፤ ሳሙና ጠይቃ ትወጣለች። ተመልሳ ስትገባ ባለሙያው ከባንኮኒው ማዶ ድምፁን ሳይቀንስ «ለማን ነው? መቼ ነው የሆነው?» ይላታል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መጠየቅም አለበት። ድምፁ ግን እስከ በር ይሰማል። እዚህ ያላችሁ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ወደ ባንኮኒው ጥግ ጠራ አድርጋችሁ አነጋግሯት። ወይም ጥያቄዎቹን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ በጣቷ እያመለከተች ትመልስ። ወጪ የለውም።

በዚህች ከተማ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ያላቸው ተማሪዎች አሉ። አንዷ የአገሬው ልጅ ናት። ገንደ ቆሬ ሰፈር ተወልዳ ከዚራ ሰፈር ተምራ ያደገች፣ ጤና ጣቢያ ስትገባ ካርድ ክፍል የምትሠራው የአክስቷ ጎረቤት፣ ጽዳት ሠራተኛዋ የእናቷ ዕድርተኛ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴትዮ የሰፈሯ ሰው የሚሆኑባት ናት። ሌላዋ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣች ናት። ከተማው አያውቃትም፤ ዶርሟ ግን ያውቃታል። የክሊኒክ ወረቀት በመጽሐፏ መካከል ከተገኘ ማምሻውን ብሎኩ በሙሉ ይሰማዋል። የመጀመሪያዋ ግቢው ውስጥ ያለው ክሊኒክ ይሻላታል፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ከግቢ ውጭ ያለው። ስለዚህ አገልግሎቱ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ሁለቱም በር ክፍት ይሁን። አንዳንዶች ሁለቱንም ፈርተው ሐረር ድረስ በሚኒባስ ይሄዳሉ፤ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል የማያውቃቸው ሰው ያገኙ ዘንድ። የዚያ ጉዞ ገንዘብ ለሌላት ምን ቀራት?

ክሊኒክ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ምስጢር የሚወጣው በሐኪሙ አፍ እምብዛም አይደለም። የሚወጣው በመስኮቱ ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ተብላ አምስት ሰው ከኋላዋ ቆሞ የምትጠየቀው መስኮቱ ላይ ነው። የሚወጣው ለቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ብቻ ተለይቶ በተሰጠ ባለ ቀለም ካርድ ነው፤ በመጋረጃ ብቻ በተከፈለ የማማከሪያ ክፍል ነው፤ ስሟን በኮሪደር በሚጣራ ላብራቶሪ ነው። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነገር ነው፣ ይህንም ባለሙያዎች በደንብ እናውቃለን። አሠራራችን ራሱ ምስጢር ሲያወጣ ግን ማንም አይጠየቅም። መስኮቱ ላይ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ይጠየቅ። ምክሩም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም በአንድ ክፍል ይሰጥ፤ ልጅቷ ወይም ልጁ ከገባበት በር ሌላ ሦስት በር እንዳያንኳኩ። ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት ብለን በር ላይ የምንለጥፈው ጽሑፍ ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ረጅም ጊዜ መከላከያዎች። በክንድ ቆዳ ሥር ስለሚቀበረው ዘንግ ብዙ ፍርሃት አለ፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚደረግ ልግለጽላችሁ። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ከሆነ ግራ ክንዷ ይመረጣል። ከላይኛው ክንድ በውስጠኛው በኩል ቆዳው በፀረ ተሕዋስያን ይጠረጋል፤ ከዚያ የማደንዘዣ መርፌ ትወጋለች። የሚያማት እሱ ብቻ ነው። አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ለስላሳ ዘንግ በማስገቢያው ይገባል፤ እንደ ዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በፋሻ ይታሰራል፣ ለጥቂት ቀናት ውኃ እንዳይነካው ይነገራታል። ባለ አንዱ ዘንግ ለሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ካስገባች በሁለተኛው ዓይነት ትምህርቷን ትጨርሳለች ማለት ነው። በፈለገች ጊዜ ይወጣላታል፤ ሲወጣም ወዲያው ማርገዝ ትችላለች። የወር አበባ መዛባት ግን ያመጣል። ደሙ ሊያንጠባጥብ፣ ሊበዛ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት በሁለተኛው ወር «አውጡልኝ» ብላ ትመጣለች፤ ልክም ናት፣ አልተነገራትምና። የሦስት ወሩን መርፌ የምትወስድ ደግሞ ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ገደማ ሊፈጅባት እንደሚችል ትወቅ። መዘግየት ነው፣ መካንነት አይደለም።

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ተማሪ ለዚህ ሁሉ የወላጅ ወይም የባል ፈቃድ አያስፈልጋትም። ባል ስል አንዳንዶቻችሁ ቀና ብላችኋል። በየክፍላችሁ ያገቡ ሴቶች አሉ፤ መውለድን እስኪመረቁ ማቆየት የሚፈልጉ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ፈተና የሚቀመጡ። ስለ ተማሪዎች ስናወራ እነርሱን እንረሳቸዋለን። እስከ ጋብቻ ለመታቀብ የወሰናችሁም አላችሁ፤ በእምነት ይሁን በራሳችሁ ምርጫ፣ ውሳኔያችሁ የተከበረ ነው፤ ማንም ባለሙያ ሊያሳንሰው አይገባም። እናንተም ብትሆኑ የወር አበባ ሕመም፣ የማህፀን ፈሳሽ፣ የጡት እብጠት ያገኛችኋል፣ ክሊኒኩም የእናንተ ነው።

ቀጥሎ የማነሣውን በብዙ የተማሪዎች ትምህርት ላይ ሲነሣ አልሰማሁትም፤ በእኛ አካባቢ ግን ዝም ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶ ያህሉ መገረዛቸውን አሳይቷል። በድሬዳዋ፣ በሐረሪና በሶማሌ ክልሎች ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ከእነዚህ መካከል ተሰፍተው የተዘጉ አሉ። እነዚህ እህቶቻችን እዚህ አዳራሽ ውስጥም አሉ። የወር አበባቸው እየተንጠባጠበ ለብዙ ቀናት ይቆያል፤ ሕመሙ ክፍል ያስቀራቸዋል። ሽንታቸውን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድባቸው በግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት ወረፋው ሲያጉረመርምባቸው ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ። በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ መቀነስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ወደ ክሊኒክ አይመጡም፤ ባለሙያ እንዳያያቸው ይፈራሉ።

ለእናንተ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። በክንድ የሚቀበረውን፣ መርፌውንም ሆነ ክኒኑን ለማግኘት የማህፀን ምርመራ ግዴታ አይደለም። ልብሳችሁን ሳታወልቁ፣ ክንዳችሁን ብቻ ዘርግታችሁ የምትወስዱት አገልግሎት አለ። ሁለተኛ፣ የተሰፋውን መክፈት የሠለጠነ አዋላጅ ወይም ሐኪም በማደንዘዣ የሚያደርገው ሕክምና ነው፤ ለሠርግ ሌሊት ወይም ለመውለጃ ቀን እስኪደርስ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። ውሳኔው የእናንተ ነው። ይህን ያደረገባችሁ ማንም ይሁን፣ እናንተን የሚወቅስ ባለሙያ ፊት መቀመጥ የለባችሁም። ግርዛትም መስፋትም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ የተፈጸመባት ሴት ግን ታካሚ ናት።

ስለ ኮንዶም አጭር እሆናለሁ፤ አጠቃቀሙን ታውቁታላችሁና። የድሬዳዋን ፀሐይ ግን አትርሱ። ኮንዶም የሚሠራበትን ላቴክስ ሙቀት ይጎዳዋል። ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መስታወት ውስጥ የተደረደረ፣ በባጃጅ መሪ አጠገብ የተቀመጠ፣ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የተጨቆነ ኮንዶም ማለቂያ ቀኑ ባይደርስም ሊቀደድ ይችላል። ከመክፈታችሁ በፊት ቀኑን አንብቡ፤ ማሸጊያውን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ ውስጡ አየር ካልተሰማችሁ ጣሉት። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት ላቴክስን ያሳሱታል፤ አትቀቡት።

በአገራችን የኤች.አይ.ቪ. ሥርጭት በአዋቂዎች ዘንድ ከ1 በመቶ በታች ነው ሲባል ብዙ ተማሪ ተዘናግቷል። የድሬዳዋና የሐረሪ መጠን ግን ከዚያ አማካይ በላይ ነው። ከተማችን የባቡርና የመኪና መንገድ መገናኛ፣ የነጋዴና የሾፌር ማረፊያ ሆና የኖረች ናትና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ዛሬ የተመረመረ ሰው ውጤቱ ስለ ትናንት ማታ ምንም አይነግረውም፤ አዲስ ተጋላጭነት ካለ እስከ ሦስት ወር ድረስ ተደግሞ መታየት አለበት። ጨብጥና ክላሚዲያ በሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳዩም፤ ሳይታከሙ ከቆዩ ግን የማህፀን ቱቦዎችን ያበላሻሉ። መካንነትን ከፈራችሁ ልትፈሩ የሚገባው ይህን ነው፤ መከላከያውን አይደለም።

ወንድሞቼ፣ እናንተን ረስቼ አይደለም። ሽንት ሲያቃጥለው ከጓደኛው ሻንጣ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወስዶ «ዳንኩ» የሚል ወንድ ብዙ ነው። ምልክቱ ይጠፋል፣ በሽታው ይቀራል፣ ለጓደኛውም ይተርፋል። አብራችሁ ያለችው ካልታከመች እናንተ አልታከማችሁም። ክሊኒክ ኑ፤ ስትመጡም ለብቻችሁ ኑ ወይም አብራችሁ ኑ። እርሷ ስትታከም በር ላይ ቆሞ ስልክ ከመነካካት ገብቶ መስማት ይሻላል፣ እርሷ ከፈቀደች። ካልፈቀደች ደግሞ ውጭ መጠበቅ ነው።

መደፈር ሲደርስ ስለሚደረገው በግልጽ ልናገር። ሕክምናው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መምጣትን አይጠብቅም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ ጉዳይን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ከተቻለ ገላ ሳይታጠቡ፣ የነበረውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት ይዞ መሄድ ማስረጃውን ያቆያል። ከታጠበችም ትሂድ፤ መድኃኒቱ ይጠቅማታልና። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያና የአባላዘር በሽታ መድኃኒት ይሰጣታል።

ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ፣ ሕጋችን ምን እንደሚል ባለማወቅ የሞቱ ልጆች አሉ። ፅንስ ማቋረጥ በጠቅላላው በወንጀል ያስቀጣል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ግን የተፈቀዱ ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር ከተደረገ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ስትሆን። መደፈርን ወይም የዘመድ ግንኙነትን በተመለከተ የሴቲቱ ቃል ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠየቅም። የጤና ሚኒስቴር መመሪያም አገልግሎቱ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጣት ያዛል። ከዚህ ውጭ ሆና በመንደር ሰው እጅ የተጎዳች እንኳ ብትሆን ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ የመታከም መብት አላት። በተከታታይ ሁለት ሰዓታት በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ሰኞን አትጠብቁ። ጓደኛችሁ ከሆነች አልጋዋ ላይ ጋቢ ደርባችሁባት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የማደሪያውን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን፣ ቀስቅሱ፣ መኪና አስጠሩ።

ለተቋማቱ አመራሮች ጥያቄዬ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚያነሣ አንድ የተረኛ ስልክ ይኑር፤ ቁጥሩም በሴቶችም በወንዶችም ማደሪያ መጸዳጃ ቤት በሮች ውስጠኛ በኩል ይለጠፍ፤ ሰው ሳያየው የሚነበብ ቦታ ነው። ድንገተኛው መከላከያና የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው የመጀመሪያ ቀናት መጠን በተረኛው ክፍል ይቀመጥ፤ ቀሪውን ከሆስፒታል ትወስዳለች። ከሆስፒታሉ ጋር ስምምነት ተፈርሞ የግቢው አምቡላንስ ማንን ለምን እንደሚወስድ ሳይጠየቅ ይውሰድ። ፕሮክተሮች ይሠልጥኑ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና። አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ በሚሰጠው ገለጻ ላይ ይህ ሁሉ ስለ ካፌና ስለ ቤተ መጻሕፍት ከሚነገረው ጋር እኩል ጊዜ ያግኝ።

አሁን ባዶ ወረቀት ይታደላል። ሁላችሁም ጻፉ፤ ጥያቄ የሌላችሁም የፈለጋችሁትን ጻፉበት፣ ጠያቂው ከማይጠይቀው እንዳይለይ። ስም አትጻፉ። ሳጥኑ በሁለቱም በሮች አጠገብ አለ። የቻልኩትን አሁን እመልሳለሁ፤ ለቀረው እስከ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ግቢ ውስጥ ባለው ክሊኒክ፣ በሩ በተዘጋ ክፍል እጠብቃችኋለሁ።